የተሸኘው ዘር

አንድ ንጉሥ ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይኼን ከመነሻው ልንገራችሁ። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እንዲህ አያናድደኝም ነበር። ለጋስ ነው፤ የተቸገረ ሰው ሲያይ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ግን ሽኝት ይወድ ነበር። ከጎተራው አንድ ጭነት ሲወጣ ነጋሪት ካልተጎሰመ፣ ሰንጋ ካልተጣለ፣ መኳንንቱ በየማዕረጋቸው ቆመው እጅ ካልነሱ፣ ጭነቱ የወጣ አይመስለውም።

ንጉሥ የወደደውን ደግሞ ማን ይጠላል? በየመንገዱ ያሉት የኬላ ሹሞች የየራሳቸውን ሽኝት ጀመሩ። ጭነት ኬላቸው ሲደርስ ይራገፋል፤ ከዚያ በሹሙ በራሱ አህዮች እንደገና ይጫናል። “በሰው አህያ የተጫነ በደጁ አለፈ” መባል ለአንድ ሹም ውርደት ነበር። ከአህዮቹ አንዷ ቀይ ግምጃ ለብሳ፣ ቃጭል አንገቷ ላይ ታስሮላት ከሁሉም ፊት ትወጣለች። መሪ አህያ ይሏታል። እሷ በነጋሪትና በእልልታ ከኬላው ስትወጣ መልእክተኛ ወደ ንጉሡ ይሮጥና “ሸኝተናል!” ይላል። ንጉሡም ደስ ብሎት ለሹሙ ካባ ይልክለታል። ሌሎቹ አህዮችስ? ከኋላ ይመጣሉ። መቼ? ኤዲያ፣ እሱን ማን ጠይቆ!

በዚያ አገር ዳርቻ፣ ከትልቁ ወንዝ ማዶ፣ አጋም ውሃ የምትባል መንደር ነበረች። አንድ ዓመት አንበጣ መጣና ሰብሉን ላጨው። ሰዉ ለዘር ያስቀመጠውን ጤፍ ሳይቀር በላ። ልጅ በራብ ሲያለቅስ “ይኼ ለዘር ነው” ብሎ ጎተራ የሚዘጋ ወላጅ የት አለ? ንጉሡ ወሬው ሲደርሰው አለቀሰ። ከልቡ ነው ያለቀሰው። ወዲያው ለመንደሩ ሁሉ የሚበቃ ዘር ከጎተራው እንዲወጣ አዘዘ። ዘሩ በነጋሪት ወጣ። በእልልታ ወጣ። ያን ቀን ከተማው ጥጋብ በጥጋብ ሆኖ ዋለ።

አጋም ውሃዎች ማሳቸውን አርሰው፣ ደግመው አለስልሰው ጠበቁ። አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቃቸው ነበር፤ ወንዙ። ክረምቱ ሲበረታ ወንዙ ይሞላል፤ ከሞላ ደግሞ መስከረም እስኪጠባ ድረስ ሰውም ከብትም አያሻግርም። ዘሩ ከዚያ በፊት መሻገር ነበረበት። ካልተሻገረ አይዘራም፤ ካልተዘራ መንደሩ ይበተናል። ይኼን ሕፃኑም ሽማግሌውም ያውቀዋል።

ሰኔ ገባ። አንድ ቀን ከወንዙ ወዲያ የቃጭል ድምፅ ተሰማ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ቀይ ግምጃ የለበሰች አንዲት አህያ አንድ ጆንያ ተሸክማ ወንዙን ተሻገረች። ጆንያው ሙሉ እንኳ አልነበረም፤ በየሽኝቱ “ለበረከት” እየተባለ እፍኝ እፍኝ ሲበተንለት ጎድሏል። ሰዉ ከአህያዋ ጀርባ አሻግሮ ተመለከተ። መንገዱ ላይ ማንም የለም።

“ሌላውስ?” አለች አንጓች የምትባል ሴት፣ አህያዋን የሚነዳውን ሰውዬ።

“ከኋላ ነው።”

“የት ኋላ?”

“እኔ እንጃ እመቤቴ። እኔ የምነዳው መሪዋን ነው።”

ይቺ አንጓች ልጆች ያሏት መበለት ናት። መሬቷን ራሷ የምታሳርስ፣ ሙግት ያለበት ሰው ሁሉ “አብረሽኝ ቁሚ” የሚላት፣ ምላሷ የሚፈራ ሴት ነበረች። ባለፈው ረሃብ እህቷን ቀብራለች። ሰዉ ጭነቱን ከዛሬ ነገ ይመጣል እያለ ወንዝ ዳር ሲቀመጥ፣ እሷ የወንዙን ውሃ ታይ ነበር። ቀስ በቀስ እየደፈረሰ ነው። በመጨረሻ ተነሣችና ጆንያውን አህያዋ ላይ መልሳ ጫነች።

“ምን ልታደርጊ ነው?” አላት ጎረቤቷ አያ ጥጋቡ። “ያለችውን እንኳ እንዝራት እንጂ!”

“ይቺ ለማን ትበቃለች አያ ጥጋቡ? በእሷ ተጣልተን ልናልቅ ነው? ይልቅ ይዣት ልሂድና ምን እንደደረሰን በዓይናቸው ይዩት።”

“በይ እሺ፤ ግን ወንዙ ሳይሞላ ድረሺልን። ልጆቼን ይዤ የማንን ደጅ እጠናለሁ?”

“እመጣለሁ አልኩህ እኮ!” አለችው። የተቆጣችው በእሱ አልነበረም።

ከወንዙ ወዲያ የመጀመሪያው ኬላ የባላምባራስ ይመኑ ነው። ነጋሪት መቺዎቹ ቀይ ግምጃ የለበሰችውን አህያ ገና ከሩቅ ሲያዩ ብድግ ብለው ይጎስሙ ጀመር። እየሄደች ይሁን እየተመለሰች ልብ ያለ የለም። “ዝም በሉ!” ብላ ጮኸችባቸው። ባላምባራስ አዲስ ካባቸውን ደርበው ወጡ።

“ዘራችን የት ነው ጌታዬ?” አለቻቸው።

“ሸኝተናል እኮ! በትልቅ ሥነ ሥርዓት ነው የሸኘነው። ጉድ የተባለ ሽኝት ነበር፤ አልሰማሽም?”

“አንዲት አህያ ናት የመጣችው።”

“መሪዋ ናታ! መሪዋ ካለፈች ጭነቱ አልፏል ማለት ነው፤ ሥርዓቱ ነው። ሌላው ገና ከላይኛው ኬላ አልመጣልኝም። ያልመጣልኝን ከየት ልውለድልሽ?”

“ታዲያ ሳይመጣልዎት ለንጉሡ ሸኝተናል ያሉት ምን ይዘው ነው?”

ባላምባራስ ካባቸውን ሰብሰብ አደረጉና “አንቺ ሴትዮ፣ እኔ የድርሻዬን ተወጥቻለሁ” አሉ። ተመልከቱልኝ! ድርሻዬን! ጎተራቸው ባዶውን ተከፍቶ አይጥ እንኳ አልነበረበትም። አንጓች ግን ደመናው ከብዶ ስለነበር አህያዋን እየነዳች ወደ ላይኛው ኬላ ወጣች።

የላይኛው ኬላ ሹም ቀኛዝማች መኩሪያ ይባላሉ። እሳቸው ጨዋ ሰው ናቸው። ሲያዩዋት “እንዴት ደከመሽ ልጄ፤ ግቢና እህል ቅመሺ እንጂ” አሏት። እሷ ግን ዓይኗ ከቤታቸው ጎን ያለው ትልቅ ጎተራ ላይ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ሄዳ ከፈተችው። ጆንያ በጆንያ ላይ፣ እስከ ጣሪያው ድረስ! የአጋም ውሃ ዘር ነው። በንጉሡ ማኅተም እንደታሸገ ተቀምጧል፤ ከታች ያሉት ጆንያዎች እርጥበት ጀምሯቸው ይሸታሉ።

አንጓች ደሟ ፈላ። “እህሉማ ይኸው ጌታዬ! የሚቀምሰው ሰው ሊያልቅ ነው እንጂ እህሉማ እዚሁ አለ! ለምን አልሄደም?”

“ሄዷል እኮ ልጄ።”

“የቱ ነው የሄደው? ይኸው በእጄ እየነካሁት!”

“ነገሩን አልተረዳሽውም” አሉ ቀኛዝማች፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ። “መሪዋ የወጣች ዕለት ሽኝቱ ተፈጽሟል። አህዮቻችን በማግስቱ ለድግሱ እንጨት ሲያመላልሱ ደከሙ። ከዚያ ዛሬ ነገ ሲባል ጊዜው ሄደ። አሁን ካባው መጥቶልኛል፤ ‘ሸኝተናል’ ተብሎ ለንጉሡ ተነግሯል። እንግዲህ ዛሬ ባወጣው፣ ያን ጊዜ አልወጣም ነበር ማለት አይደለም? ውሸታም ሹም ልባል ነው? የተሸኘ ጭነት ሁለተኛ ከቤት አይወጣም።”

ጉድ እኮ ነው! ዘሩ ከጎተራ እንዳይወጣ ያደረገው፣ ወጥቷል መባሉ ነው። አንጓች ይኼን ስትሰማ ቀኛዝማች የሚያሾፉባት መስሏት ነበር። አላሾፉም።

“እሺ እርስዎ አይላኩት” አለች። “እኔ አህያ ከሰው ለምኜ ላምጣና ልውሰደው። እርስዎ አላየሁም ይበሉ።”

“በሰው አህያ? በደጄ? ምን ነካሽ ልጄ!” አሉ ቀኛዝማች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው የደነገጡት ያኔ ነው። “ያለ ንጉሡ ቃል አንድ ፍሬ አይነቃነቅም።”

ወደ ንጉሡ ከተማ ስትሄድ መንገዱን ሙሉ ዝናብ መታት። ዝናብ የገበሬ ደስታ ነው፤ እሷ ግን ጠብታው በወረደ ቁጥር ይዘገንናት ነበር። እያንዳንዱ ጠብታ ወደዚያ ወንዝ ነው የሚሄደው። ስትሄድ አንዴ ታለቅሳለች፣ አንዴ ብቻዋን ትሳደባለች። የቀኛዝማችን ጨዋነት ባሰበች ቁጥር ያቃጥላት ነበር። ቢጮኹባት፣ ቢያባርሯት ይሻላት ነበር፤ እንዲህ በለሰለሰ አንደበት መንደር ሲገደል አይታ አታውቅም።

ከንጉሡ ግቢ ስትደርስ “ከአጋም ውሃ የመጣች ሴት” ተብሎ ተነገረ። ንጉሡ ደስ አለው። “ልታመሰግን መጣች! አስገቧት!” አለ፤ ገና ስትገባም “ዘሩ እንዴት ሆነላችሁ? በቀለ?” አላት።

አንጓች እጅ ነሣችና ደጅ ላይ ከአህያዋ አውርዳ ያስገባችውን ጎዶሎ ጆንያ ንጉሡ እግር ሥር አስቀመጠችው። “ይኸው ዘሩ ጃንሆይ።”

“ይኼ ምንድን ነው?”

“የደረሰን ነው።”

የንጉሡ አማካሪ ፈጠን ብሎ “ጃንሆይ፣ ይቺ ሴት ተሳስታለች” አለ። “ከዋናው ጎተራ ሸኝተናል ተብሏል። ከላይኛው ኬላ ሸኝተናል ተብሏል። ከታችኛውም ሸኝተናል ተብሏል። ለሁሉም ካባ ልከናል። ታዲያ እንዴት አልደረሰም?”

“አንዱ እንኳ ‘ደርሷል’ ብሏል?” አለች አንጓች።

ንጉሡ ወደ አማካሪው ዞረ፤ ከዚያ ወደ ጆንያው። ፊቱ ቀላ። አንጓች ላይኛው ኬላ ያየችውን ስትነግረው ከዙፋኑ ተነሥቶ “ቀኛዝማቹን አስራችሁ አምጡልኝ! አሁን!” ብሎ አንባረቀ።

“ጃንሆይ፣ ማሰሩ ይደርሳል፤ የማይጠብቀን ወንዙ ነው” አለች። “ደግሞስ እሳቸውን ብቻ ለምን? ካባውን ማን ሸለማቸው? ጃንሆይ የሸለሙት የሸኘውን ነው። የሸኘ ካባ ሲለብስ፣ ማድረስን ማን ያስታውሰዋል? እስከ ዛሬ ጭነት ልከው ‘እጃችሁ ገባ ወይ?’ ብለው እኛን ጠይቀውን ያውቃሉ?”

እንዲህ ያለ ነገር በንጉሥ ፊት ተናግሮ የወጣ ሰው አልነበረም። ንጉሡ ጎንበስ ብሎ ከጆንያው እፍኝ ጤፍ ዘገነ። ከዚያ “አልጠየቅሁም” አለ። ወዲያውም መልእክተኛ ጠርቶ አዘዘ፤ የላይኛው ኬላ ጎተራ ይከፈት፣ የተገኘ አህያና በቅሎ ሁሉ ይጫን፣ ጭነቱ ወንዙን እስኪሻገር ድረስ በየትኛውም ኬላ እንዳይራገፍ። አንጓች በረዥሙ ተነፈሰች።

መልእክተኛው ገና የግቢውን በር ሳይወጣ ነጋሪቱ ተጀመረ።

አዎ፣ ነጋሪቱ! ልማድ ነዋ! የንጉሥ ትእዛዝ ይዞ የሚወጣ ሰው ያለ ሽኝት ይወጣል እንዴ? መኳንንቱ በየማዕረጋቸው ሊቆሙ ይጋፋሉ፤ አንዱ ካህናቱ ይጠሩ ይላል፤ ሰንጋ እየተጎተተ መጣ፤ አራጁ ቢላዋውን ይሞርዳል። መልእክተኛው በቅሎውን አስሮ ቆሞ ይጠብቃል። ዝናቡ ይወርዳል።

አንጓች ያን ጊዜ ያደረገችውን እስከ ዛሬ ያወሩታል። አራጁን ገፍትራ ቢላዋውን ቀማችና ትልቁን ነጋሪት ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀችው። “ልጆቼ ሊያልቁ ነው!” ብላ ጮኸች። “ሂዱ እንጂ! ምን አባታችሁ ነው የምትጠብቁት? ሂዱ!”

የንጉሥ ነጋሪት መቅደድ በሞት ያስቀጣል። ወታደሮቹ ያዟት። ሁሉም የንጉሡን ዓይን ተመለከተ። ንጉሡ የተቀደደውን ቆዳ አየ፤ ሰንጋውን አየ፤ ተሰልፈው የቆሙትን መኳንንት አየ። “ልቀቋት” አለ። ከዚያ ወደ መልእክተኛው ዞሮ “አንተስ ምን ይገትርሃል?” ሲለው ሰውየው በቅሎው ላይ ዘሎ ወጣ።

ያን ጊዜ በዚያ አገር ታይቶ የማያውቅ ነገር ሆነ። የላይኛው ኬላ ጎተራ ያለ እልልታ ተከፈተ። የገበሬው አህያ፣ የነጋዴው በቅሎ፣ የንጉሡ የራሱ አጋሰስ፣ ሁሉም ተደባልቆ ተጫነ። ቀኛዝማች ደጃቸው ላይ ቆመው የሰው አህያ በፊታቸው ሲያልፍ ዓይናቸውን በኩታቸው ሸፈኑ። ባላምባራስም ኬላቸው ላይ ሊያስቆሙ እጃቸውን አነሡና የአንጓችን ፊት ሲያዩ መልሰው አወረዱት።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ውሃው ወገብ ይደርሳል። አጋም ውሃዎች ከማዶ ወርደው ገቡበት። ገመድ ተዘረጋ፤ ወንዱም ሴቱም፣ አንጓችም ጭምር፣ ጆንያ በትከሻው እያሻገረ ይመላለስ ጀመር። ግማሹ ተሻገረ። ከዚያ ከላይ አገር የዘነበው ዝናብ መጣ። ወንዙ ድምፁን አሰምቶ ነው የመጣው፤ ገመዱን በጥሶ ይዞት ሄደ፣ ሁለት ጎልማሶች በተአምር ተረፉ። የቀረው ዘር ከወዲያ ማዶ ቀረ።

ከዚያ በኋላ አጋም ውሃዎች ጠዋት በተነሡ ቁጥር ያዩታል። ከማዶ፣ እዚያው ፊት ለፊታቸው፣ ጆንያዎቹ በዝናብ ይመታሉ። ባላምባራስ ቶሎ ወደ ጎተራቸው ሊያስገቧቸው ይችሉ ነበር፤ ግን ከደጃቸው ስላለፈ ድርሻቸው አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ጆንያዎቹ አረንጓዴ ሆኑ። ዘሩ በጆንያው ውስጥ በቀለ። የባላምባራስ መልእክተኛም ወደ ንጉሡ ሮጦ “ሸኝተናል!” አለ።

በመንደሩ ዕጣ ተጣለ። ግማሹ ሰው ዘራ፤ አንጓች ዕጣ ወጣላት። ለአያ ጥጋቡ አልወጣለትም። እሷ “ከእኔ እንካፈል” አለችው፤ እሱ ልጆቹን ቆጥሮ ልጆቿን ቆጠረና “ሁለታችንንም አያደርሰንም” ብሎ ቤቱን ዘጋ። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፣ ወንዙ በማይከለክልበት በበረሃው በኩል ወረደ። ወዴት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም።

ጥቅምት ላይ፣ ወንዙ ከጎደለ በኋላ፣ ንጉሡ ራሱ መጣ፤ ያለ ነጋሪት። አንጓች ይዛው ዞረች። በአንድ በኩል ጤፉን ነፋስ ያስተኛዋል። በሌላው በኩል የታረሰውን መሬት ሙጃ ውጦታል፤ ቤቶቹ ተዘግተዋል።

“ይኼኛው ለምን እንዲህ ሆነ?” አላት ንጉሡ።

አንጓች አልጮኸችም። ቁጣው ግን አልበረደላትም ነበር። “ያ የደረሰው ነው ጃንሆይ” አለች፣ በጣቷ ጤፉን እያሳየች። “ይኼ ደግሞ የተሸኘው።”

ንጉሡ ያን ዕለት ሕግ አወጣ። ከእንግዲህ ጭነት ሲወጣ ነጋሪት አይመታም፤ ካባም ለሸኘ አይሰጥም። ተቀባዩ በራሱ አፍ “እጄ ገብቷል፣ በጊዜውም ገብቷል” እስኪል ድረስ ከጎተራው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ኬላ ያለ ሹም ሁሉ ዕዳው አይወርድለትም። ጥሩ ሕግ ነው። አያ ጥጋቡ ግን አልሰማውም።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ይኼ የድሮ ንጉሥ ተረት እንዳይመስልህ። መድኃኒቱ መጋዘን ውስጥ ቀኑ ሲያልፍበት፣ በሽተኛው ደጅ ላይ ሲጠብቅ፣ “ከእኛ ዘንድ ወጥቷል” የሚለውን ስልክ ስንቴ ሰምተሃል? ማዳበሪያው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ሲመጣ፣ ፎቶ የሚነሣው የቱ ላይ ነው፤ መኪናው ሲወጣ ነው ወይስ ገበሬው ሲረከብ? አንድ ጭነት ከብዙ እጅ ያልፋል፤ እያንዳንዱ እጅ የራሱን ብቻ ጨርሶ ዞር ሲል፣ ሁሉም ድርሻውን ተወጥቶ ሰው ይራባል። የሥራው ልክ መላኩ አይደለም። በሚያስፈልግበት ሰዓት የሚያስፈልገው ሰው እጅ መግባቱ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ገና ያላለቀ ሥራ ነው። ጭነቱ ሲወጣ የምናጨበጭብ ከሆነ፣ መንገድ ላይ የሚቀረውን የምንሸልመው እኛው ነን።

አንተስ? በቅርቡ “ልኬያለሁ” ብለህ ከራስህ ያወረድከው ነገር፣ ሲጠብቀው ከነበረው ሰው እጅ ገብቷል? ደውለህ ጠይቀሃል?